ጥቂት ደቂቃ መታገሥ

በጥር ወር 2005 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ክፍለ ግዛት፣ ዳውን ሲንድሮም የሚባለው የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበት የ26 ዓመት ወጣት ያየውን ፊልም ደግሞ ለማየት ያለ ሁለተኛ ትኬት ሲኒማ ቤት ተመልሶ ተቀመጠ። ረዳቱ እናቱ በመምጣት ላይ ናቸውና ጠብቁ ብትልም፣ በትርፍ ጊዜያቸው ጥበቃ ይሠሩ የነበሩ ሦስት ፖሊሶች በግድ አንሥተው በካቴና ሲያስሩት ትንፋሹ ታፍኖ ሞተ። ጠቡ ስለ አንድ ትኬት ነበር!

እንዲህ ያለ ልጅ ወይም ወንድም ያላችሁ፣ ፖሊስ ሲያስቆመው እንዳይሮጥ፣ እጁንም ሳይፈቀድለት ወደ ኪሱ እንዳይሰድ ደጋግማችሁ አለማምዱት፤ መሣሪያ የሚያወጣ ይመስላልና። የቤተ ሰቡ ስልክ የተጻፈበት ወረቀት መያዙን በቃሉ ይናገር። በሰፈራችሁ ፖሊስ ጣቢያም አስቀድማችሁ አስተዋውቁት።

ይሁን እንጂ ሸክሙ ሁሉ በእርሱ ላይ መጣሉ አግባብ አይደለም። መልስ የዘገየበት ፖሊስም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አንድ አጭር ጥያቄ ጠይቆ፣ ቤተ ሰብ እስኪደርስ ይጠብቅ።