የአስቸኳይ ጊዜ ሥልጣንና ወሰኑ

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በሕግ የተሰጠ፣ በሕግም የተወሰነ የአጭር ጊዜ ሥልጣን ነው። የውጭ ወረራ ሲያጋጥም፣ የተፈጥሮ አደጋ ሲደርስ፣ የሕዝብን ጤንነት የሚያሰጋ ወረርሽኝ ሲከሰት፣ ወይም ሕገ መንግሥታዊ ሥርዓቱን አደጋ ላይ የሚጥል ሁኔታ ተፈጥሮ በተለመደው የሕግ ማስከበር ሥርዓት መቋቋም ሳይቻል ሲቀር፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት አዋጁን ሊደነግግ እንደሚችል የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 93 ይናገራል። ከአራቱ ምክንያቶች ክርክር የሚበዛበት የመጨረሻው ነው። ወረራም ወረርሽኝም ማንም ሊያየው ይችላል። «መደበኛው ሕግ አልበቃኝም» የሚለው ግን መንግሥት ራሱ ነው፤ ሥልጣን የሚጨመርለትም ለራሱ ነው። ስለዚህ አንቀጹን ሲያነቡ ከሰጠው ሥልጣን ይልቅ ያስቀመጠውን ገደብ ነጥሎ ማየት ይበጃል።

በዚህ በአራተኛው ምክንያት የታወጀው የመጀመሪያው አገር አቀፍ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መነሻ ጊንጪ ነው። ጊንጪ ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ 80 ኪሎ ሜትር ግድም ላይ የምትገኝ የደንዲ ወረዳ ከተማ ናት። ኅዳር 2 ቀን 2008 ዓ.ም. የከተማዋ ተማሪዎች አደባባይ ወጡ። ያስቆጣቸው የኳስ ሜዳቸው ለባለሀብት መሰጠቱና በአቅራቢያቸው ያለው የጭልሞ ደን መመንጠሩ ነበር። ከዚህ ጀርባ ደግሞ ሰፋ ያለ ቅሬታ ነበር፤ የአዲስ አበባና የዙሪያው የኦሮሚያ ከተሞች የተቀናጀ ማስተር ፕላን አርሶ አደሩን ከመሬቱ ያፈናቅላል የሚል። በዚሁ ጉዳይ በሚያዝያ 2006 አምቦ ላይ ተቃውሞ ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፍቶ ነበር። ፕላኑ በጥር 2008 ተሰረዘ፤ በመካከሉ ግን ብዙ ደም ፈስሶ ስለነበር መሰረዙ ብቻውን ቁጣውን አላበረደም። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብት ኮሚሽን በሰኔ 2008 ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ባቀረበው ሪፖርት በኦሮሚያው ተቃውሞ 173 ሰዎች መሞታቸውን ገለጸ። መስከረም 22 ቀን 2009 ቢሾፍቱ ላይ የኢሬቻ በዓል በአስለቃሽ ጭስና በግርግር ወደ ሐዘን ተለወጠ። ከሳምንት በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መታወጁን በቴሌቪዥን አስታወቁ።

የኳስ ሜዳና የደን ጉዳይ በመደበኛው ሕግ የማይፈታ አልነበረም። ለከተማው አስተዳደር፣ ለወረዳው ምክር ቤትና ለፍርድ ቤት የሚገባ ጥያቄ ነበር። ሰላማዊ ሰልፍም ቢሆን የራሱ ሕግ አለው። በ1983 የወጣው አዋጅ ቁጥር 3 ሰልፈኛው ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ብቻ ነው የሚጠይቀው። አስተዳደሩ ቦታው ወይም ጊዜው ቢለወጥ ይሻላል ካለ ምክንያቱን በጽሑፍ መግለጽ አለበት፤ ሰልፉን ጨርሶ መከልከል አይችልም። ይህ መንገድ በጊዜው ክፍት ቢሆን ኖሮ ነገሩ ወደ ወታደር ጉዳይነት ባላደገ ነበር። ጥያቄው ሲታፈን ያደገውን ሁከት መልሶ ለተጨማሪ ሥልጣን ምክንያት ማድረግ ተገቢ አይደለም።

አዋጁን ለማስፈጸም ኮማንድ ፖስት ተቋቋመ፤ ዝርዝሩን የያዘው መመሪያም በጥቅምት 2009 መጀመሪያ ወጣ። ከከለከላቸው ነገሮች አንዱ እጅን ከራስ በላይ አጣምሮ ማሳየት ነው። ምልክቱን ዓለም ያወቀው ከጥቂት ወራት በፊት፣ የምዕራብ ሸዋው የጀልዱ ልጅ ፈይሳ ሌሊሳ በሪዮ ኦሎምፒክ ማራቶን ሁለተኛ ሆኖ ሲገባ እጆቹን አጣምሮ ባሳየ ጊዜ ነው። መመሪያው የኢሳትንና የኦኤምኤን ቴሌቪዥን ማየትንም ከለከለ። ዲፕሎማቶች ያለ ፈቃድ ከአዲስ አበባ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይርቁ አዘዘ፤ ይህም በተግባር የውጭ ታዛቢ ሳያስፈቅድ ጊንጪም አምቦም መድረስ አይችልም ማለት ነበር። የጉዞ ገደቡ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተነሣ። ምልክት የሚያሳይ እጅና ድንጋይ የሚወረውር እጅ አንድ እንዳልሆኑ ግን ልብ ሊባል ይገባል። የእጅ ምልክት ሐሳብን መግለጽ ነው፤ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ቴሌቪዥን ማየትም ማንንም አይጎዳም። አንቀጽ 93 መብት የሚታገደው አዋጁን ያስከተለውን ጉዳይ ለማስወገድ «ተፈላጊ ሆኖ በተገኘው ደረጃ» ነው ይላል። እያንዳንዱ ክልከላ በዚህ ሚዛን ላይ መውጣት አለበት።

ከሁሉ የከበደው እስራቱ ነበር። መመሪያው ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መያዝንና አዋጁ እስኪያበቃ ማቆየትን ፈቀደ። በኅዳር 2009 የታሰሩት ከ11,000 በላይ መሆናቸው በይፋ ተነገረ፤ በኋላ ቁጥሩ ከ26,000 አለፈ። ብዙዎቹ እንደ ጦላይና አዋሽ ሰባት ባሉ፣ ከቤታቸው እጅግ በራቁ ማሠልጠኛዎች ቆዩ። በታኅሣሥ 2009 ወደ 10,000 የሚጠጉ ሰዎች «ተሐድሶ ሥልጠና» አጠናቀዋል ተብለው ሲለቀቁ «አይደገምም» የሚል ካናቴራ ለብሰው በቴሌቪዥን ታዩ። ካናቴራውን የለበሰው ሰው ጥፋተኛ ነው ያለ ዳኛ ግን አልነበረም። ሕጉ ሁለት መንገድ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ክስ ቀርቦ በማስረጃ መፍረድ ወይም መልቀቅ። ተይዞ፣ ሳይከሰስ፣ ሠልጥኖና ተጸጽቶ መውጣት በሕገ መንግሥቱ ውስጥ ቦታ የለውም።

አዋጅ ሲታወጅ ፍርድ ቤት መቅረብ መብት መሆኑ ይቀራልን? መልሱ ያለው በሕገ መንግሥቱ አደራደር ውስጥ ነው። ምዕራፍ ሦስት ለሁለት ይከፈላል፤ ከአንቀጽ 14 እስከ 28 ያሉት «ሰብዓዊ መብቶች»፣ ከ29 እስከ 44 ያሉት «ዴሞክራሲያዊ መብቶች» ይባላሉ። አንቀጽ 93 እስከ ማገድ የሚያደርስ ሥልጣን የሰጠው «መሠረታዊ የፖለቲካና የዲሞክራሲ መብቶችን» በሚመለከት ነው። ስለ ነጻነት የሚደነግገው አንቀጽ 17ና የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ የሚያዘው አንቀጽ 19 ግን ከሰብዓዊ መብቶች ክፍል ናቸው። በዚህ ንባብ የመንቀሳቀስ፣ የመሰብሰብና የመጻፍ መብት ለጊዜው ሊታገድ ይችላል፤ የታሰረን ሰው ከዳኛ መሰወር ግን አይቻልም።

ተቃራኒ ክርክርም አለ። ያው አንቀጽ 93 በምንም ሁኔታ የማይነኩትን ነጥሎ ሲዘረዝር የጠቀሰው አንቀጽ 1ን፣ ኢሰብዓዊ አያያዝን የሚከለክለውን አንቀጽ 18ን፣ ስለ እኩልነት የሚናገረውን አንቀጽ 25ንና የአንቀጽ 39 ንዑስ አንቀጽ 1ና 2ን ብቻ ነው። ሰብዓዊ መብቶች ሁሉ የማይታገዱ ከሆነ 18ንና 25ን ለይቶ መጥቀስ ለምን አስፈለገ የሚለው ጥያቄ ቀላል አይደለም። የሚያሳስበው ደግሞ በሕይወት የመኖር መብት እንኳ በዝርዝሩ ውስጥ በስሙ አለመጠቀሱ ነው። ሆኖም ክርክሩን የሚቋጩ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው አንቀጽ 19 ራሱ ነው፤ የያዘው አካል በጊዜው ፍርድ ቤት ካላቀረበው፣ የተያዘው ሰው የአካል ነጻነቱ እንዲከበርለት ፍርድ ቤትን የመጠየቅ «ሊጣስ የማይችል መብት» እንዳለው ይናገራል። ይህን ያህል ጠንካራ ቃል የተጻፈለት መብት በዝምታ ይታገዳል ማለት አይቻልም። ሁለተኛው አንቀጽ 13 ነው፤ የመብት ድንጋጌዎች ኢትዮጵያ ከተቀበለቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች ጋር በሚጣጣም መንገድ እንዲተረጎሙ ያዛል። ኢትዮጵያ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳንን የተቀበለችው በ1985 ዓ.ም. ነው። ቃል ኪዳኑን የሚከታተለው የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ኮሚቴ ደግሞ እስራት ሕጋዊ መሆኑን በፍርድ ቤት የማስመርመር መብት በአስቸኳይ ጊዜም እንደማይቀነስ በ1993 ዓ.ም. ባወጣው አጠቃላይ ማብራሪያ ቁጥር 29 አስቀምጧል። ስለዚህ ትክክለኛው ንባብ አዋጅ የፍርድ ቤትን በር አይዘጋም የሚለው ነው።

የአዋጁ ሌላ ገደብ ጊዜና ድምፅ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሥራ ላይ ከሆነ አዋጁ በ48 ሰዓት፣ በእረፍት ላይ ከሆነ በ15 ቀን ውስጥ ይቀርብለታል፤ የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ካላገኘ ወዲያውኑ ይሻራል። ከጸደቀ እስከ ስድስት ወር ይቆያል፤ ከዚያ በየአራት ወሩ በተመሳሳይ ድምፅ ሊታደስ ይችላል። የ2009ኙ በዚህ መልክ ታድሶ ሐምሌ 28 ቀን 2009 ተነሣ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥልጣን ለመልቀቅ በጠየቁ ማግሥት፣ የካቲት 9 ቀን 2010፣ ሌላ አዋጅ መጣ። ይህ ሁለተኛው ሲጸድቅ በምክር ቤቱ 346 የድጋፍ ድምፅ መገኘቱ ተነግሮ፣ በኋላ 395 ነው ተብሎ ታረመ። የመጀመሪያው ቁጥር ከሁለት ሦስተኛ በታች፣ ሁለተኛው ከዚያ በላይ በመሆኑ ልዩነቱ የአዋጁን ሕልውና የሚወስን ነበር። 88 አባላት በተቃውሞ ድምፅ መስጠታቸው በዚያ ምክር ቤት ያልተለመደ ድፍረት ሲሆን ሊመሰገን ይገባዋል። አዋጁም ጊዜው ሳይሞላ በግንቦት 2010 መጨረሻ ተነሣ።

የስድስት ወሩ ጊዜ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ሲነጻጸር ረጅም ነው። በኬንያ ሕገ መንግሥት የመጀመሪያው አዋጅ ከ14 ቀን፣ በደቡብ አፍሪካው ከ21 ቀን አያልፍም። በሁለቱም አገር የአዋጁን ሕጋዊነት ፍርድ ቤት ሊመረምር እንደሚችል በግልጽ ተጽፏል። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትን የመተርጎም ሥልጣን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ ዳኛ አዋጁን ራሱን ሊሽር አይችልም። የአንድን ሰው እስራት መመርመር ግን ከዚህ የተለየ፣ የመደበኛ ዳኝነት ሥራ ነው።

አንቀጽ 93 የመጨረሻ ጠባቂ አድርጎ ያቆመው ሰባት አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድ ነው። ቦርዱ በአዋጁ ምክንያት የታሰሩ ሰዎችን ስምና የታሰሩበትን ምክንያት በአንድ ወር ውስጥ ለሕዝብ ማሳወቅ፣ ኢሰብዓዊ እርምጃ አለመወሰዱን መከታተልና በደል የፈጸሙ ለፍርድ እንዲቀርቡ ማድረግ አለበት። ሕጉ የጠየቀው ስምን ነው። በዜና የሚነገር ጠቅላላ ቁጥር ይህን ግዴታ አይፈጽምም፤ ልጇ ከገበያ መንገድ ላይ የተወሰደባት የጊንጪ እናት በ26,000 ውስጥ ልጇን ፈልጋ አታገኝም።

በጸጥታ ስም የሚመጣ ገደብ ሁልጊዜ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ጠብቆ አይመጣም። በ2001 የወጣው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 በመደበኛው ሕግ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን የማይበልጠውን የምርመራ ቀጠሮ 28 ቀን አድርጎት ነበር፤ ተደምሮ እስከ አራት ወር ይደርሳል። በአምቦ አካባቢ የተወለዱት የኦሮሞ ፌዴራሊስት ኮንግረስ (ኦፌኮ) ሊቀ መንበር ዶክተር መረራ ጉዲና በአውሮፓ ፓርላማ ንግግር አድርገው ሲመለሱ ኅዳር 21 ቀን 2009 ተያዙ። ከአንድ ዓመት በላይ ታስረው ጥር 9 ቀን 2010 ክሳቸው ተቋርጦ ወጡ። የፀረ ሽብርተኝነት አዋጁ በ2012 በአዋጅ ቁጥር 1176 ተተክቷል፤ አዲሱ ሰላማዊ ሰልፍንና የሥራ ማቆም አድማን ከሽብር ድርጊት ለይቷል። ጥሩ ለውጥ ነው። ያም ሆኖ በዚያው ዓመት ከአምቦው ልጅ ከሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ተቋረጠ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም አልቀረም፤ ሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልል የታወጀው በጥር 2016 ለተጨማሪ አራት ወር ተራዝሞ ነበር። በምዕራብ ሸዋም በአማራ ክልልም ታጣቂና እገታ ሕዝቡን ማስጨነቁ እውነት ነው፤ ዜጋን ከዚህ መጠበቅም የመንግሥት ግዴታ ነው። ይህ ግዴታ ግን የተያዘውን ሰው ዳኛ ፊት በማቅረብ አይጓደልም።

ለታሰረ ሰው ቤተሰብ በእጅ ያለው ቅርብ መሣሪያ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ነው። አሠራሩ በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከቁጥር 177 እስከ 179 ተጽፏል። ሕጉ አቤቱታው ለከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል፤ ለምዕራብ ሸዋ ነዋሪ ይህ ማለት የዞኑ ከተማ አምቦ ነው። ከማመልከቻው ጋር የሚያያዘው ቃለ መሐላ ሰውየው በማን እጅ እንደሆነ፣ የትና እንዴት እንደተያዘ፣ ይህንንም ማን እንደሚመሰክር ይገልጻል። የታሰረው ሰው ራሱ መማል ካልቻለ፣ ምክንያቱ ተገልጾ ሌላ ሰው በእሱ ስም ሊምልለት ይችላል፤ ሚስት፣ አባት ወይም ጎረቤት ቢሆን ሕጉ አይከለክልም። ማመልከቻው እንደቀረበ ፍርድ ቤቱ የያዘውን ኃላፊ የታሰረውን ሰው ይዞ እንዲቀርብና የማይለቅበትን ምክንያት እንዲያስረዳ ይጠራዋል። እስራቱ ከሕግ ውጭ ሆኖ ከተገኘ ዳኛው ወዲያውኑ እንዲለቀቅ ያዝዛል፤ ከተጠራጠረም በዋስ ሊለቀው ይችላል። ስለዚህ ሰው ሲያዝ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የወሰዱትን ሰዎች ልብስና የመኪናውን ሰሌዳ ያየ ሁሉ በዚያው ዕለት ጽፎ ቢያስቀምጥ ይበጃል፤ ቃለ መሐላው ላይ የሚሰፍረው ይኸው ነው።