ልጡ ሲፈታ
(ስለ ፕሮስቴት ካንሰር በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከሰበታ በጅማ መንገድ፥ ከቡራዩ በአምቦ መንገድ፥ ከሱሉልታ በጎጃም መንገድ እየተመላለስን የምንማር ተማሪዎች ዛሬ የምንናገረው ነገር በትምህርት ክፍል የሰማነው ቢሆንም የጀመረው ግን በቤታችን ነው። ከመካከላችን የአንዱ አጎት፥ የሱሉልታ ገበሬ፥ ወገባቸውን ሲያማቸው ዓመት ሙሉ «እርጅና ነው» እያሉ ቆዩ። ሐኪም ዘንድ በቀረቡ ጊዜ ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ፤ ከፊኛ በታች ካለው ፕሮስቴት ከተባለው የወንድ ዕጢ ተነሥቶ አጥንት የገባ ካንሰር ነበር።

ለመሆኑ ከፊኛ ሥር የተነሣ በሽታ እንዴት ጀርባ አጥንት ድረስ ይጓዛል?

በሠፈራችን የጭቃ ቤት ሲሠራ ያየ ሰው መልሱን ለመረዳት አይቸግረውም። ግድግዳ በእንጨት ብዛት ብቻ አይቆምም፤ ማገሩን ከቋሚው ጋር ጠፍሮ የሚይዝ ልጥ ወይም ምስማር ያሻዋል። በገላችንም ውስጥ አንዱን ሕዋስ ከጎረቤቱ ጋር የሚያስተሳስሩ ፕሮቲኖች አሉ። ከነዚህም ዋነኞቹን ካድሄሪን ብለው በ1984 እ.ኤ.አ. ስም ያወጡላቸው ጃፓናዊው ሊቅ ማሳቶሺ ታኬይቺና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ኢ-ካድሄሪን የተባለው ከሕዋሱ ሽፋን ወደ ውጭ ወጥቶ የጎረቤቱን ኢ-ካድሄሪን ይጨብጣል፤ በውስጥ በኩል ደግሞ ካቴኒን በተባሉ ፕሮቲኖች አማካይነት ከሕዋሱ አውታር ጋር ይያያዛል። ጭብጡም የሚጸናው ካልሲየም ሲኖር ነው።

ካንሰሩ እየከፋ ሲሄድ በብዙ ሕሙማን ዘንድ ይህ ኢ-ካድሄሪን ሲቀንስ ይታያል። ልጡ ሲፈታ ሕዋሱ ከጎረቤቶቹ ተለይቶ ወደ ደም ሥር ለመግባት መንገድ ያገኛል፤ አጥንት ሲደርስም ኢንቴግሪን በተባሉ ሌሎች መያዣዎች ይጣበቃል። ከሰፈረ በኋላ ኢ-ካድሄሪኑን መልሶ የሚያወጣ ሕዋስም ስላለ ነገሩ እንደ ተበጠሰ ገመድ ቀላል አይደለም።

እንግዲህ ትምህርቱ ምንድን ነው? በዕጢው ውስጥ ተወስኖ ሳለ የተገኘ ካንሰር በቀዶ ጥገና ወይም በጨረር ሊድን ይችላል። ከተሠራጨ በኋላ ግን ይገታል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ አይነቀልም፤ ቻርልስ ሃጊንስ በ1941 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት የወንድ ሆርሞንን መቀነስ በሽታውን ያዳክመዋል። በአገራችን የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ስለ ነበር፥ የዘገየ ሰው ዕዳው ድርብ ነበር።

አባቶቻችን ስለ ሽንት ማውራት ያፍራሉ። ሌሊት ደጋግሞ መነሣትና የሽንት መቅጠን ብዙ ጊዜ ካንሰር ካልሆነ የዕጢ ማበጥ ይመጣል፤ ካንሰሩም ሲጀምር ምንም ምልክት ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ ኀምሳ ዓመት ያለፋቸው፥ ይልቁንም በዘራቸው በሽታው ያለባቸው፥ ፒ.ኤስ.ኤ. ስለሚባለው የደም ምርመራ ሐኪም ቢጠይቁ መልካም ነው። ይህን ማታ ቤት ገብተን ለአባቶቻችን ካልነገርን የተማርነው ለማን ነው?

አጎታችን ዛሬ በመርፌና በክኒን ሕመማቸው ቀሎላቸዋል፤ እርሻውን ግን ለልጃቸው ትተዋል።