ከዋርድ እስከ ድርድር ጠረጴዛ



የዕለቱ ተመራቂ ሐኪሞች፣ የኢንተርንነቱን ዓመት አልፋችሁታልና ሌሊት ተረኝነት ምን እንደሆነ እኔ አልነግራችሁም። ስለ ጎረቤቶቻችን፣ ስለ ኬንያ ሐኪሞች ላውራችሁ።

እ.ኤ.አ. በ2013 የኬንያ የሐኪሞች ሠራተኛ ማኅበር ከመንግሥት ጋር የኅብረት ስምምነት ፈረመ። ስምምነቱ ደመወዝን ብቻ ሳይሆን የሐኪሞችን ቅጥርና የሕክምና መሣሪያንም ይመለከት ነበር። ሳይፈጸም ከሦስት ዓመት በላይ አለፈ። በታኅሣሥ 2016 ሐኪሞቹ ሥራ አቆሙ። የማኅበሩ ዋና ጸሐፊ ወጣቱ ሐኪም ኡማ ኦሉጋ ነበሩ። ፍርድ ቤት አድማውን አቁሙ ቢልም አላቆሙም፤ በየካቲት 2017 ዶክተር ኦሉጋና ስድስት ባልደረቦቻቸው የአንድ ወር እስራት ተፈረደባቸው። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በቀናት ውስጥ ፈታቸው። አድማው የተቋጨው በመቶኛው ቀን፣ በስምምነት ነው።

በእነዚያ መቶ ቀናት የተጎዳው ለግል ሆስፒታል የሚከፍለው የሌለው ድሃ ነው። ይህን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ፈርሞ ዓመታት ዝም ያለው ወገን ቀዳሚው ተጠያቂ ነው ብዬ አምናለሁ። ሆኖም በአድማ ቀን ስለ ታካሚው እንቅልፍ የማያጣ ሰው ሐኪሞችን ሊመራ አይገባም።

ነገሩ በዚያ አላበቃም። በ2017ቱ ስምምነት የአንድ ኢንተርን የወር ክፍያ ከ206 ሺህ ሽልንግ በላይ ነበር። በ2024 መንግሥት 70 ሺህ ብቻ እከፍላለሁ ሲል ሐኪሞቹ እንደገና ለ56 ቀናት ሥራ አቆሙ። በዓመቱ መጨረሻ መንግሥት የቀድሞውን ክፍያ ተቀበለ። በዚህ ክርክር ውስጥ የማኅበሩ ትልቁ ጉልበት ከሰባት ዓመት በፊት የተጻፈው ሰነድ ነበር።

ዶክተር ኦሉጋ ደግሞ በ2025 በኬንያ መንግሥት የሕክምና አገልግሎት ዋና ጸሐፊ ሆነው ተሾሙ። ትናንት ጠያቂ፣ ዛሬ ተጠያቂ። ክህደት ነው የሚሉ ይኖራሉ፤ እኔ ግን ከእስሩ የከበደ ፈተና ሆኖ ይታየኛል።

የእኛ የኢትዮጵያ ሕግ የተለየ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የመንግሥት ሠራተኛውን አይሸፍንም፤ ስለዚህ በመንግሥት ሆስፒታል የሚሠራ ሐኪም በዚህ አዋጅ መሠረት መደራደር አይችልም። ይህ መለወጥ አለበት እላለሁ፤ የምለውም ታካሚዬን ስለማስብ ነው። በሁለት ቀን ተረኝነት የዛለ እጅ ቀዶ ሕክምና ሲሠራ ማየት አልፈልግም።

ልጆቼ፣ በምትቀጠሩበት ሆስፒታል የቅጥር ደብዳቤያችሁን እስከ መጨረሻው መስመር አንብቡት። የተረኝነት ሰዓታችሁን በየቀኑ መዝግቡ። ከመካከላችሁ የሚናገርላችሁን ስትመርጡ፣ ድምፁ ከፍ ያለውን ትታችሁ ታካሚ አልጋ አጠገብ ረጅም ሰዓት የሚቆመውን ምረጡ፤ ስብሰባ ሲጠራም ተረኝነቱን ሸፍኑለት።