የመበለቲቱ ዘመን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ፤ ወንጌላዊው ሉቃስ በሁለተኛው ምዕራፍ ሐና የተባለች አንዲት አረጋዊት ያሳየናል። እርስዋም ከአሴር ነገድ የሆነች የፋኑኤል ልጅ ናት። ከባልዋ ጋራ 7 ዓመት ብቻ ኖራ መበለት ሆነች፤ 84 ዓመት እስኪሆናትም ድረስ በጾምና በጸሎት ጸንታ ከቤተ መቅደስ ሳትለይ ኖረች።

ይህች ሴት የኖረችበትን ዘመን እስኪ እናስተውል። በአውሮፓውያን አቈጣጠር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ63 ዓመት የሮማው የጦር አለቃ ጶምፔዮስ ኢየሩሳሌምን ይዞ ወደ ቅድስተ ቅዱሳን ደፍሮ ገባ። በ37 ዓመት ሄሮድስ ከተማይቱን በጦር ኃይል ያዘ፤ በኋላም ቤተ መቅደሱን በብዙ ወጪ ያድስ ጀመር። የታሪክ ጸሓፊዎች ስለነዚህ ኃያላን ብዙ ጽፈዋል፤ ስለ ሐና ግን አልጻፉም። ሆኖም ጌታ በሕፃንነቱ በመጣ ጊዜ ንጉሡ ሊገድለው ፈለገ፤ መበለቲቱ ግን ዐውቃው አመሰገነች፤ ድኅነትን ለሚጠባበቁትም ሁሉ ነገረች።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በወለጋ፤ በነቀምቴ ከተማ፤ ቡርቃ ጃቶ የሚባል ሰፈር አለ። ቡርቃ በኦሮምኛ ምንጭ ማለት ነው። በ1920 ዓ.ም. ገደማ በዚያ አገር የተወለደች እናት ምን ያህል ዘመን እንዳሳለፈች እናስብ። በሰኔ 1928 ዓ.ም. የጥቁር አንበሳ አርበኞች በነቀምቴ አቅራቢያ በቦነያ የጣልያንን አውሮፕላኖች ሲያቃጥሉ ገና ልጅ ነበረች። በ1929 ዓ.ም. አቡነ ሚካኤል በጎሬ በጠላት እጅ ሰማዕትነትን ተቀበሉ፤ በ1933 ዓ.ም. ነፃነት ተመለሰ። በ1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ፤ የገጠር መሬትም በዐዋጅ የሕዝብ ሀብት ሆነ። በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ምክንያት ከወሎ ብዙ ችግረኞች ወደ ወለጋ መጥተው ሰፈሩ። በ1983 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ተለወጠ።

በዚህ ሁሉ መካከል እንዲህ ያለች እናት ውሃ ቀዳች፤ እንጀራ ጋገረች፤ ልጅ ወለደች፤ የሞተውን ቀበረች፤ ጾምዋንም አላፈረሰችም። ስምዋ በታሪክ መጽሐፍ አይገኝም። ምንጭ እንደ ወንዝ አይጮኽም፤ ነገር ግን ምንጩ ከደረቀ ወንዙ ከየት ይመጣል?

ምእመናን ሆይ፤ እንደዚህ ያሉ እናቶች በየሰፈራችን አሉ። አንዳንዶቹ ልጆቻቸው በሞት ወይም በስደት ተለይተዋቸው ብቻቸውን ይኖራሉ። እኛ የሐና ታሪክ ሲነበብ ደስ ብሎን እናዳምጣለን፤ ከቅዳሴ ስንወጣ ግን በደጀ ሰላም የተቀመጠችውን አረጋዊት ሳናያት እናልፋለን። ታዲያ የሰማነው ወንጌል ምን ረባን? ሐዋርያው ያዕቆብ ንጹሕ አምልኮ መበለቶችን በመከራቸው መጠየቅ እንደ ሆነ አስተምሮናል።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት እያንዳንዳችን የአንዲት እናት ደጅ እንርገጥ። ማገዶና ውሃ እንዳላት እንጠይቃት፤ የጐደለውን እንሙላላት፤ ከዚያም ተቀምጠን ዘመንዋን ታጫውተን። መርቃ ስታሰናብተን ታላቅ ሀብት እንደ ተቀበልን እንወቅ።

የመበለቶች ዳኛ እግዚአብሔር እናቶቻችንን ይጠብቅልን፤ እኛንም አስተዋይ ልብ ይስጠን። ለስሙ ክብርና ምስጋና ይሁን፤ ለዘለዓለሙ አሜን።