የቆየ የባሕር ዓሣ ገንዳ ማጣሪያ ሲለወጥ
(ለሥነ ሕይወት ተማሪዎች ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልንነግራችሁ የተነሣንበት ጉዳይ ጠባብ ይመስል ይሆናል። ይኸውም ብዙ ዘመን በኖረ የባሕር ውሃ ገንዳ ማጣሪያ ውስጥ ያለውን ስፖንጅ፣ የፕላስቲክ ኳስ ወይም ጠጠር በአዲስ መለወጥ ሲያስፈልግ እንዴት መደረግ እንዳለበት ነው። ለዓመታት በጤና የኖሩ ዓሦች፣ ማጣሪያው አዲስና ንጹሕ ከሆነ ከጥቂት ቀን በኋላ የሚያልቁበት ጊዜ ስላለ፣ ጥቂት ብትታገሡን ነገሩ የሚያስቈጭ አይደለም።

ዓሣ በስንጥቡ በኩል አሞኒያ ያወጣል። የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ ይህንኑ ይሰጣል። በሰፊው ባሕር ውስጥ መርዙ ተበትኖ ይጠፋል፤ በገንዳ ውስጥ ግን ይጠራቀማል። ከዚህም በላይ የባሕር ውሃ ፒኤች 8.2 ያህል ስለ ሆነ፣ ፒኤቹ 7 ከሆነ የወንዝ ውሃ ይልቅ፣ ከአሞኒያው ውስጥ ዓሣውን በብርቱ የሚጐዳው ክፍል ይበዛል።

ከዚህ አደጋ ዓሦቹን የሚያድኑት በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት ናቸው። አንዳንዶቹ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጣሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ናይትራይቱን ጉዳቱ እጅግ ወደሚያንስ ወደ ናይትሬት ያደርሱታል። ሩሲያዊው ሊቅ ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ ይህን ሥራ የሚሠሩትን ባክቴሪያዎች ለይቶ ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ1890 ዓ.ም. ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 ዓ.ም. ደግሞ አሞኒያን የሚለውጥ፣ ነገር ግን ባክቴሪያ ያልሆነና ከአርኬያ ወገን የሆነ ረቂቅ ፍጥረት ተለይቶ ታወቀ። የተገኘውም ከጥልቅ ውቅያኖስ ሳይሆን፣ አሜሪካ ውስጥ በሲያትል ከተማ ካለው የሕዝብ አኳሪየም፣ ከአንድ የባሕር ዓሣ ገንዳ ጠጠር ላይ ነው።

ከጠጠር ላይ መገኘቱን ልብ በሉ። እነዚህ ፍጥረታት በአብዛኛው የሚኖሩት በውሃው ውስጥ ተንሳፍፈው ሳይሆን በዕቃው ገጽ ላይ ተጣብቀው ነው። ስለዚህ ውሃውን ሳይነካ ስፖንጁን ሁሉ የጣለ ሰው፣ ምንም አልነካሁም ቢልም፣ ሠራተኞቹን ሁሉ አባሯል ማለት ነው።

እናቶቻችን ሊጡን ጋግረው ሲጨርሱ ለሚቀጥለው ቡኮ እርሾ ማስቀረትን አይረሱም። የገንዳውም ነገር ከዚህ አይለይም። ልዩነቱ የገንዳው እርሾ እጅግ ዝግተኛ መሆኑ ነው። ፈጣን ባክቴሪያዎች በ20 ደቂቃ ያህል እጥፍ ሲሆኑ፣ እነዚህ ግን ብዙ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከአንድ ቀን በላይ ይፈጅባቸዋል።

እንግዲህ ሥራው በሚከተለው ተራ ይደረግ።

አንደኛ፣ አዲሱ ዕቃ አቧራው ታጥቦ ከአሮጌው አጠገብ፣ ውሃ በሚያልፍበት ቦታ ይቀመጥ። ከ4 እስከ 6 ሳምንትም አብረው ይቆዩ።

ሁለተኛ፣ አሮጌው በአንድ ጊዜ አይነሣ። ሩቡ ያህል ይውጣ፤ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ታልፎ ሌላው ሩብ ይከተል።

ሦስተኛ፣ በዚህ ጊዜ ምግብ ይቀነስ፤ አዲስ ዓሣ አይጨመር፤ አሸዋውም አይነካ። አሞኒያና ናይትራይት በየሁለት ቀኑ ይለኩ። አሞኒያ ከታየ ለውጡ ይቁም፤ ከውሃውም ከፊሉ በተዘጋጀ የባሕር ውሃ ይተካ።

አንዳንዶች አሮጌው ስለ ቆሸሸ ፈጥኖ ይጣል ይላሉ። ቆሻሻው እየበሰበሰ ናይትሬት እንደሚያበዛ እኛም አንክድም። ነገር ግን መድኃኒቱ ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ለስለስ አድርጎ ማጠብ ነው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለበት ከቆሻሻው ጋር ሕይወቱንም ያጠፋል።

ባለ ቀዳዳ የባሕር ድንጋይና አሸዋ የሞላበት ገንዳ፣ ሠራተኞቹ በዚያም ላይ ስለሚኖሩ፣ አደጋው ይቀልለታል። ባዶ መስተዋት የሆነው ገንዳ ግን ከማጣሪያው በቀር መጠጊያ የለውም።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ገንዳውን ለዓሦቹ መኖሪያ የሚያደርገው የዕቃው አዲስነት ሳይሆን በላዩ የተጣበቀው ሕይወት ነው። አዲሱ ሥራውን መያዙ በልክ እስኪረጋገጥ ድረስ አሮጌው ከቦታው አይነሣ።