ከክፍል ውጭ የሚደረግ የትምህርት ጉዞና የብላክፉት ሕዝብ ባህል

በመምህራን ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር



ተማሪዎችን ከክፍል አውጥቶ ወደ አንድ ሕዝብ አገር መውሰድ ብዙውን ጊዜ እንደ ሽርሽር ይቆጠራል። አውቶቡስ ይከራያል፤ ምሳ ይቋጠራል፤ በማግስቱም «ምን አያችሁ?» የሚል ጥያቄ ይቀርባል። ጥያቄው ራሱ ጉድለት አለበት። ማየት የተመልካች ሥራ ነው፤ ወደ ሰው ቤት የሚገባ ግን እንግዳ ነው፤ እንግዳም ሊጠብቀው የሚገባ ወግ አለበት። ይህ ልዩነት ጎልቶ ከሚታይባቸው ስፍራዎች አንዱ በምዕራብ ካናዳ፣ በአልበርታ ክፍለ ሀገር የሚገኘው የብላክፉት ሕዝብ ምድር ነው።

ብላክፉት በሚል የእንግሊዝኛ ስም የሚጠሩት ወገኖች አራት ናቸው። ሲክሲካ፣ ካይናይና ፒካኒ በአልበርታ ይኖራሉ፤ አራተኛው ወገን ከድንበር ማዶ በአሜሪካ የሞንታና ግዛት ይገኛል። «ሲክሲካ» ማለት ጥቁር እግር ማለት ሲሆን የእንግሊዝኛው ስም የመጣው ከዚሁ ነው። የሁለቱ መንግሥታት ድንበር አንድን ቤተ ዘመድ ለሁለት ከፍሎ ማለፉን ተማሪው ገና በክፍል ሳለ ከካርታው ላይ ሊያነብ ይችላል።

ከካልጋሪ ከተማ የሚነሣ ክፍል ሁለት ሰዓት ያህል ወደ ደቡብ ከተጓዘ በኋላ ከፎርት ማክላውድ አጠገብ ወዳለው «ሄድ ስማሽድ ኢን» ወደተባለ ገደል ይደርሳል። ስሙ ራሱ የተቀጠቀጠበት እንደ ማለት ነው። ራሱ የተቀጠቀጠው ግን ጎሹ አይደለም፤ እንደ ትውፊቱ አደኑን ከገደሉ ሥር ቆሞ ለማየት የፈለገ ወጣት ነው። ዩኔስኮ ስፍራውን በ1981 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። የገደሉ ቁመት 10 ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ልጆች መጀመሪያ ሲያዩት ቅር ቢላቸው አይፈረድባቸውም። ከሥሩ የተከማቸው አጥንትና አፈር ግን ከ10 ሜትር የሚበልጥ ጥልቀት አለው፤ ለ6,000 ዓመት ያህል ታድኖበታልና።

የአደኑ ዘዴ አንድ ሙሉ ቀን ቢዘረዘር አያሰለችም። ባይሰን የሚባለው የአሜሪካ ጎሽ ዓይኑ ደካማ፣ አፍንጫው ግን ብርቱ ስለሆነ የነፋሱን አቅጣጫ ሳይመረምሩ መነሣት አይሞከርም ነበር። አስቀድሞ ጸሎት ይደረጋል። ከዚያም የጥጃ ወይም የተኩላ ቆዳ የለበሱ ወጣቶች፣ አንዳንዴም እናቷ እንደ ጠፋባት ጥጃ እየጮኹ፣ መንጋውን ከግጦሹ ቀስ በቀስ ይስቡታል። በመቶ የሚቆጠሩ የድንጋይ ክምሮች መንገዱን ግራና ቀኝ ይከልሉታል። በመጨረሻ ከኋላ ያሉት አዳኞች በድንገት ሲያስደነግጡት መንጋው ይፈረጥጣል፤ የፊተኛው ልቁም ቢል የኋለኛው ይገፋዋል። ሥጋው ተዘልዝሎ፣ ደርቆና ተወቅጦ፣ ከሞራና ከዱር ፍሬ ጋር ተለውሶ ለበረዶው ወራት ስንቅ ይሆናል። ቋንጣን ለሚያውቅ ሰው ይህ ሩቅ ጥበብ አይደለም።

በ1987 እ.ኤ.አ. በተከፈተው ማዕከል ይህን የሚያስረዱት ራሳቸው የብላክፉት ተወላጆች ናቸው። ስንት ጎሽ እንደ ሞተ የሚጠይቅ ልጅ ከየክፍሉ አይጠፋም። ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ነው፤ ይህ ሁሉ ዘመን የታደነው መንጋ ያለቀው በገደሉ ሳይሆን በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ፣ ጠመንጃና የቆዳ ንግድ በጥቂት አሥርት ዓመታት ባደረሱት ጥፋት ነው።

መምህራንን ይበልጥ የሚያስቸግረው መልስ የማይሰጥበት ጥያቄ ነው። ናፒ ስለሚባለው፣ ፈጣሪም አታላይም ስለሆነው ሽማግሌ የሚነገሩት ተረቶች በወጉ የሚተረኩት በበረዶው ወራት ነው፤ የትምህርት ጉዞ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በሞቃቱ ወራት ይደረጋል። በድንኳኖቻቸው ላይ የሚሣለው ሥዕልም ባለቤት አለው፤ በሥርዓት ካልተላለፈለት በቀር ማንም አይሥለውም። ስለዚህ «ያያችሁትን ድንኳን ሥላችሁ ኑ» የሚለው የተለመደ የቤት ሥራ፣ መምህሩ ሳያውቀው፣ የሰው ንብረት ቀድታችሁ ኑ እንደ ማለት ይሆናል። ሽማግሌን ለመጠየቅ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ትንባሆ ያቀርባል። ይህ ዋጋ አይደለም፤ እጅ መንሻ ነው፤ ሽማግሌው ከተቀበለ ጥያቄውን ተቀብሏል ማለት ነው። ተማሪው ራሱ በእጁ ሊያቀርበው ይገባል፤ መምህሩ በአውቶቡሱ ሒሳብ ውስጥ ጨምሮ ሊጨርሰው አይገባም።

ሁለተኛው የጉዞ ስፍራ ከካልጋሪ በስተምሥራቅ፣ በሲክሲካ ምድር ያለው ብላክፉት ክሮሲንግ ነው። ሴፕቴምበር 22 ቀን 1877 እ.ኤ.አ. ሰባተኛው ውል የተፈረመው በዚህ ነው፤ ከፈራሚዎቹ ዋነኛው የሲክሲካው አለቃ ክሮውፉት ነበር። የወረቀቱ ቃል መሬት መልቀቅን ይናገራል፤ በሽማግሌዎች አፍ የቆየው ቃል ግን ስምምነቱ የሰላም ነበር ይላል። ተማሪው ሁለቱን ምስክሮች ጎን ለጎን መስማት አለበት።

በዚያው ውል መንግሥት ለልጆቻቸው መምህራን ሊቀጥር፣ ደመወዛቸውንም ሊከፍል ቃል ገብቶ ነበር። በተግባር የመጡት ልጆችን ከወላጆቻቸው እየለዩ ቋንቋቸውን የሚያስተዉ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ሆኑ። በመላው ካናዳ ከ150,000 የሚበልጡ ልጆች እንዳለፉባቸው ይገመታል። ጉዳዩን የመረመረው የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽን በ2015 እ.ኤ.አ. የእነዚህ ትምህርት ቤቶችና የውሎቹ ታሪክ በየክፍሉ የግዴታ ትምህርት እንዲሆን ጠይቋል። ዛሬ አውቶቡሱን ወደዚያ ምድር የሚልከውም ያው ትምህርት ቤት የሚባለው ተቋም ነውና፣ ወላጆችና ሽማግሌዎች ጥቂት ቢጠራጠሩ ሊያስደንቅ አይገባም።

በሲክሲካ ምድር ኦልድ ሰን ይባል የነበረው አዳሪ ትምህርት ቤት በ1971 እ.ኤ.አ. ተዘጋ። ሕንጻው አልፈረሰም፤ የሕዝቡ ኮሌጅ ሆነ። የብላክፉት ቋንቋ ከሚሰጡት ትምህርቶች አንዱ ነው። ፈረስን «አጋዘን ውሻ» ብሎ የሚጠራው ይህ ቋንቋ፣ ፈረስ ከመምጣቱ በፊት ዕቃቸውን የሚጎትትላቸው ውሻ እንደ ነበር በአንድ ቃል ያስታውሳል።