ድሮ ማደያ የነበረው ግቢና ጉድጓዱ
(በማህበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ሰብሳቢያችን እንድናገር ያዘዙኝ ሥራዬ የጉድጓድ ውሃ ምርመራ ስለሆነ ነው። ጉዳዩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ለእንጀራ መጋገሪያችን ልንከራየው ያሰብነው ግቢ ድሮ ነዳጅ ማደያ ነበር። ሰፊ ነው፣ ኪራዩም ረከስ ይላል፣ ከሁሉም በላይ የራሱ ጉድጓድ አለው። ውሃ በፈረቃ ለሚደርሰን ለእኛ ለተክለ ሃይማኖት ሰዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው። እኔንም መጀመሪያ የሳበኝ ጉድጓዱ ነው፤ የምፈራውም እሱኑ ነው።

ማደያ ሲነሳ ከላይ የሚታየው ይፈርሳል፤ ጣሪያው፣ ፓምፑ፣ ዘይት የሚሸጥባት ክፍል። ታንከሮቹ ግን መሬት ውስጥ የተቀበሩ ናቸውና ብዙ ጊዜ እዚያው ይቀራሉ። የድሮዎቹ ብረት ናቸው፤ እርጥብ አፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት የተቀመጠ ብረት ደግሞ ይዝጋል። ታንከሩ ባይበሳ እንኳ ወደ ፓምፑ የሚሄደው ቧንቧ በመጋጠሚያው ያንጠባጥባል። ሃያ ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ነው ብንል፣ በየሰከንዱ አንድ ጠብታ ብቻ ቢወርድ በዓመት ከ1,500 ሊትር ያልፋል። ይህን ያህል ሲጠፋ ባለማደያው “ተንኖ ነው” ብሎ ያልፈዋል።

በሌላው ዓለም የታየ ነገር ነው። አሜሪካ የተቀበሩ የነዳጅ ታንከሮችን የሚቆጣጠር ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተረጋገጠው ፍሳሽ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ነው። በካሊፎርኒያ የምትገኘው ሳንታ ሞኒካ እ.ኤ.አ. በ1996 የመጠጥ ውሃዋን ግማሽ ያህል ይሰጡ የነበሩ ጉድጓዶችን ዘግታለች፤ ቤንዚን ውስጥ የሚጨመር ኬሚካል ገብቶባቸው ነበር።

ወደ እኛው መሬት ልመለስ። አዲስ አበባ የተሠራችው በእሳተ ገሞራ ዓለት ላይ ነው። ከላይ ቀይ አፈር ወይም መረሬ አለ፣ ከሥሩ የተሰነጣጠቀ ዓለት። መረሬ በበጋ እንዴት እንደሚሰነጠቅ አይታችኋል፤ ነዳጅ በዚያ ስንጥቅ ይወርዳል። የከርሰ ምድሩ ውሃ በጥቅሉ ከእንጦጦ ወደ አቃቂ ነው የሚሄደው። በአቃቂ ደግሞ ከተማው የሚጠጣባቸው ጥልቅ ጉድጓዶች አሉ። ነዳጁ ውሃው ጋ ሲደርስ ወጥ ላይ እንዳለ ዘይት ይንሳፈፋል። ከፊሉ ግን ይሟሟል፤ የሚያሰጋኝ የሚሟሟው ነው።

ከሚሟሟው ውስጥ ቤንዝን የሚባል ኬሚካል አለ። ስሙ ቢመሳሰልም ቤንዚን ራሱ አይደለም፣ ቤንዚን ውስጥ የሚገኝ ነው። ለረጅም ጊዜ ወደ ሰውነት ሲገባ መቅኔን ይጎዳል፣ የደም ካንሰርም ያመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር የመጠጥ ውሃ ውስጥ ከ10 ማይክሮ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ከቤንዚኑ 1 በመቶው ቤንዝን ቢሆን፣ በአንድ ሊትር ቤንዚን ውስጥ ያለው ብቻ 37 ሺህ ያህል ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ውሃ እዚህ ወሰን ላይ ያደርሳል።

ባለፈው ስብሰባ አንድ እናት “ቢፈላ አይጠፋም ወይ?” ብለው ጠይቀው ነበር። ጥያቄው ጥሩ ነው። ከውሃው ይወጣል፣ ግን ወዴት? ወደ ክፍሉ አየር ነው። በሊጥ የገባውም ምጣድ ላይ በእንፋሎት ይወጣል፣ የምትተነፍሰውም ጋጋሪዋ ናት። ውሃ አጋርም ቢሆን ለጀርም ነው እንጂ ለነዳጅ አይሠራም። “ጉድጓዱን ትተን በቧንቧ ውሃ እንጋግር” ላላችሁም፣ የተበከለ አፈር ውስጥ የሚያልፍ የፕላስቲክ ቧንቧ ቤንዝንን በግድግዳው ያሳልፋል። ስለዚህ አፈሩም መታየት አለበት።

የግቢው ባለቤት የምርመራ ወረቀት አሳይተውናል። አነበብኩት፤ የጀርም ምርመራ ነው። ለዚያ ጥሩ ውጤት አለው፣ ስለ ነዳጅ ግን አንዲት ቃል የለችበትም። ነዳጅ በሌላ መሣሪያና በሌላ አቀዳድ ነው የሚመረመር። ውሃውን በሃይላንድ ቀድቶ በታክሲ ይዞ መሄድ አይሆንም፤ ቤንዝኑ መንገድ ላይ ይተናል። አየር ሳይቀርበት እስከ አፉ በተሞላ የመስታወት ዕቃ፣ በበረዶ ተይዞ መሄድ አለበት።

ትክክለኛ ምርመራ ግን ከዚያ በፊት በወሬ ይጀምራል። ማደያው መቼ ተከፈተ፣ ስንት ታንከር ነበረው፣ የት የት ተቀበሩ፣ ሲዘጋ ወጡ ወይስ ቀሩ? ከዚያ ባለሙያው ታንከሮቹና ፓምፑ በነበሩበት አጠገብ ይቆፍራል፣ በየጥልቀቱም አፈር ያወጣል። ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ ቢያንስ ሦስት ጉድጓድ ያስፈልጋል፤ በሁለት ጉድጓድ የውሃ ቁልቁለት አይታወቅም። በበጋ ንጹሕ የመሰለ ጉድጓድ በክረምት ውሃው ከፍ ሲል አፈር ላይ ተጣብቆ የቆየውን ነዳጅ ሊያነሳ ይችላልና፣ ሁለቴ መለካቱ ይሻላል።

ወጪው ከባድ ነው፣ አልደብቃችሁም። ነገር ግን የእኛ ዕዳ አይደለም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ያደርጋል። ያው አዋጅ ማንም ሰው፣ ጉዳቱ በራሱ ላይ ባይደርስም፣ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ አቤቱታ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም ውሳኔው ካላረካ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል።

የኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ የአፈሩና የውሃው ውጤት ሳይመጣ ውሉ አይፈረም። ኪራዩ ረከሰ ተብሎ እንዳንቸኩል። ለባለቤቱ የምንሰጠውን ደብዳቤ ጸሐፊያችን አዘጋጅታለች፣ ጠረጴዛው ላይ ታገኙታላችሁ። የማደያውን ዘመን የምታስታውሱ እናቶች ደግሞ ዛሬ ሳትሄዱ፣ ቦቴው የት ቆሞ ይገለብጥ እንደነበር ለእሷ ንገሯት። ታንከሮቹ ከዚያ ቦታ ብዙም አይርቁም።